ያለ ዋጋ የሚያክም ሐኪም ዋሱ ማን ነው?

«ጥርስ ባዳ ነው» ይባላል፤ ልብ እያዘነ እርሱ ይስቃልና። የታመመ ዕለት ግን ከጥርስ የቀረበ ዘመድ የለም። ራስንም ጆሮንም ዐይንንም አስተባብሮ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቃትት ያድራል። በዚያ ሌሊት ሕመምተኛው የሚመኘው ጉጠት የያዘ እጅ ብቻ ነው። የእጁ ባለቤት ማን እንደ ሆነ፣ የት እንደ ተማረ፣ ሥራው ቢበላሽ ማን እንደሚጠየቅ ለማሰብ ጊዜም ልብም የለውም። እንግዲህ እርሱ በዚያ ሰዓት ሊያስበው የማይችለውን ነገር ሌላ ሰው አስቀድሞ ሊያስብለት ይገባል፤ የዛሬው ጽሑፌም ስለዚሁ ነው።

ነገሩን በልቤ ያሳደሩብኝ በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ስቴት የሚኖሩ አንድ የአገራችን ሰው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ያህል በጥርስ ሐኪምነት ሠርተው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ስንገናኝ፣ «ጋሼ፣ ዛሬማ ጊዜ አለዎት፤ ለድኾች በነጻ የሚሠራበት ክሊኒክ እያለ ለምን ቤት ይቀመጣሉ?» አልኋቸው። እርሳቸውም ሁለት እጆቻቸውን ዘርግተው አሳዩኝና፣ «እየው፣ ገና አልተንቀጠቀጠም። እኔ የምፈራው ጥርሱን አይደለም ልጄ፤ ወረቀቱን ነው» አሉኝ። ወረቀት ያሉት ኢንሹራንሱን ነው። የሐኪምነት ፈቃዳቸውን በየጊዜው አሳድሰዋል፤ ሥራ ሲያቆሙ ግን የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንሳቸውንም አብረው አቁመዋል። በዚያ አገር ደግሞ ያለዚህ ወረቀት የሰው አፍ ውስጥ ጉጠት ማስገባት፣ ፍሬን በሌለው መኪና የዓባይን በረሃ ቁልቁለት እንደ መውረድ ይቈጠራል።

ምናልባት ከወጣት አንባቢዎቼ አንዱ፣ «አሜሪካን በሚያህል ሀብታም አገር በነጻ የሚነቀል ጥርስ ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚሁ እል ነበር። ነገር ግን በዚያ አገር ጥርስ ከቀረው ገላ ተለይቶ የሚታይ ነው። በ1965 (ስለ አሜሪካ ስናገር ዓመቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) ለሽማግሌዎች የቆመው ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የሕክምና ኢንሹራንስ፣ ለልብና ለሳንባ ሲከፍል የዘወትር የጥርስ ሕክምናን ግን ከመጀመሪያው አንሥቶ ከደጅ ትቶታል። ለድኾች የቆመው ሜዲኬድም ለልጆች ጥርስ እንዲከፍል በሕግ ሲገደድ፣ ለዐዋቂዎች ግን እያንዳንዱ ስቴት እንደ ወደደ እንዲያደርግ ተትቶለታል። ለልጆቹም ቢሆን ሕጉ አለ ማለት ሐኪሙ ተገኘ ማለት አይደለም። በ2007 በሜሪላንድ ስቴት፣ ከዋና ከተማው ከዋሽንግተን ጥግ፣ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከበሰበሰ ጥርሱ የተነሣው መግል ወደ አንጎሉ ዘልቆ ሞተ። ጥርሱን ለማስነቀል የሚበቃው 80 ዶላር ያህል ነበር፤ ልጁን ለማዳን በሆስፒታል የወጣው ግን ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ሆነ፤ አላዳነውም።

በጎ ፈቃደኞቹ የገቡት እንዲህ ባለው ክፍተት ነው። ከነዚህ ሁሉ ታሪኩ የሚያስገርመኝ ስታን ብሮክ የተባለው እንግሊዛዊ ነው። በወጣትነቱ በደቡብ አሜሪካ በጉያና የከብት እረኛ ሳለ ፈረስ ጥሎት ክፉኛ ቢጎዳ፣ ቅርብ የሚባለው ሐኪም የ26 ቀን የእግር መንገድ እንደሚርቅ ተነገረው። ያን ቀን ያልረሳ ሰው በ1985 ሪሞት ኤርያ ሜዲካል የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። መጀመሪያ ያሰበው ሐኪም ወዳልደረሰበት ሩቅ አገር ሐኪም ለማድረስ ነበር፤ ኋላ ግን ሐኪም የራቀው ሰው በአሜሪካም ተራሮች ውስጥ መኖሩን ተረዳ። ከ2000 ጀምሮ በቨርጂኒያ በዋይዝ አውራጃ፣ የድንጋይ ከሰል በሚወጣበት አገር፣ ዓመታዊው የገበሬዎች ትርዒት በሚደረግበት ሜዳ ላይ የጥርስ ወንበር በረድፍ ተደርድሮ፣ ሕዝቡም ተራ ለመያዝ ሌሊቱን በመኪናው ውስጥ እያደረ ይታከም ጀመር። ብሮክ በ2018 ሞተ፤ ሥራው ግን ቀጥሏል።

አሁን ወደ ጉጠቱ እንመለስ። ጥርስ መንቀል ለተመልካች ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም ቀላል ነው። ነገር ግን በታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ ከንፈርና አገጭ የሚሰማበት ነርቭ ያልፋል። የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ሥር ከዚህ ነርቭ የተጠጋ እንደ ሆነ፣ ሲነቀል ነርቩ ይጎዳና ሰውዬው ሻይ ሲጠጣ በከንፈሩ ላይ የሚፈሰውን አያውቅም፤ ለጥቂት ወር፣ አንዳንድ ጊዜም ለዕድሜ ልኩ። በላይኛው መንጋጋ ደግሞ የጥርሱ ሥር በአፍንጫ ግራና ቀኝ ካለው ባዶ ስፍራ ጋር ይዋሰናል፤ በዚያ በኩል ቀዳዳ የተከፈተበት ሰው የጠጣው ውሃ በአፍንጫው ይመለሳል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ አለ፤ ፔኒሲሊን የማይስማማው አለ፤ ለአጥንት መሳሳት በተሰጠው መድኃኒት የተነሣ ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ የመንጋጋው አጥንት አልሽር የሚለው አለ። ይህን ሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የሐኪሙ ግዴታ ነው። የዘወትር ሐኪም መዝገቡን ገልጦ ያያል። የሜዳው ሐኪም ግን ሕመምተኛውን ከዚያ በፊት አላየውም፤ ከዚያም በኋላ ላያየው ይችላል። ማታ ድንኳኑ ይነቀላል፤ ሐኪሙ ወደ መጣበት ስቴት ይመለሳል፤ እብጠቱ የሚነሣው በሦስተኛው ቀን ነው።

ልብ አድርጉ፤ ከነዚህ ብዙዎቹ ያለ ማንም ጥፋት የሚደርሱ ናቸው። በዚያ አገር ሕግ ካሣ የሚከፈለው ነገሩ ስለ ከፋ ብቻ ሳይሆን ሐኪሙ ስላጠፋ ነው፤ ይኸውም ሌላ አስተዋይ ሐኪም በዚያ ስፍራ ሊያደርግ የሚገባውን ሳያደርግ የቀረ እንደ ሆነ ነው። ዋጋ አለመቀበል ይህን ሚዛን አያቀልለውም። የታመመውን ትቶ ደኅናውን የነቀለ ሐኪም፣ «አምስት ሳንቲም አልተቀበልሁም» ስላለ ጥርሱ ተመልሶ አይበቅልም።

አሜሪካኖች ለዚህ የሰጡት መልስ ሁለት ዓይነት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚናገር ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

አንደኛው መልስ ሐኪሙን ከተጠያቂነት ነጻ ማውጣት ነው። በጁን 1997 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የበጎ ፈቃደኞች ጥበቃ ሕግ፣ ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት ወይም ለመንግሥት ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሰው፣ ሥራው ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ ፈቃዱን ይዞ፣ ከተሰጠው ሥራም ሳይወጣ፣ ለፈጸመው ተራ ቸልተኛነት በግሉ እንዳይጠየቅ ያደርጋል። ሆን ብሎ የበደለ ወይም ከባድ ቸልተኛነት የፈጸመ ግን ከጥበቃው ውጭ ነው። ሕጉ የሚጠብቀው ሰውዬውን እንጂ ያሠማራውን ድርጅት አይደለም። በየስቴቱም ከዚህ የሰፋ ወይም የጠበበ ሕግ አለ። ከነዚህ የተለየ ደግሞ ካሊፎርኒያ በ1959 የጀመረችውና በሌሎቹም ስቴቶች የተስፋፋው ሕግ አለ፤ እርሱ በመንገድ ላይ ወድቆ የተገኘን ሰው የረዳ ሐኪም እንዳይከሰስ የሚከላከል ነው። አንዳንዱ ሐኪም በዚህ ሕግ ተማምኖ ወደ ነጻ ክሊኒክ ይሄዳል፤ ግን ቀን ተቈርጦለት፣ ተራ ተሰጥቶበት የሚነቀል ጥርስ ድንገተኛ አደጋ አይደለም።

የ1997ቱን ሕግ ያነበበ ሰው፣ «እንግዲህ ኢንሹራንስ ለምኔ?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ሕጉ ክስ እንዳይቀርብ አያግድም። ክሱ ከቀረበ በኋላ፣ «እኔ በጎ ፈቃደኛ ነኝ፤ ቸልተኛነት ቢኖርም ከባድ አይደለም» ብሎ መከራከር የሐኪሙ ፈንታ ነው። ለመከራከርም ነገረ ፈጅ ያስፈልጋል፤ በአሜሪካ ደግሞ እንደ ልማዱ የረታውም ሰው የራሱን ነገረ ፈጅ ራሱ ይከፍላል። ተራውን ቸልተኛነት ከከባዱ የሚለየው መስመርም በየጉዳዩ በፍርድ ቤት ይሠመራል እንጂ አስቀድሞ ተሠምሮ አይገኝም። በዚህ ላይ ከ1990 ጀምሮ በሐኪም ስም ለተበዳይ ካሣ የተከፈለ እንደ ሆነ የሐኪሙ ስም በአንድ የፌዴራል መዝገብ ላይ ይጻፋል። ስለዚህ የእኒያ ሽማግሌ ወዳጄ ፍርሃት ከንቱ ፍርሃት አልነበረም።

እኔን ግን ከሐኪሙ ይልቅ የሚያሳስበኝ በወንበሩ ላይ የተጋደመው ሰው ነው። ሐኪሙ በሕጉ ነጻ ወጣ እንበል። ከንፈሩ የደነዘዘበት ሰውዬ ጉዳት የት ይሄዳል? ጉዳት እንደ ጭነት ነው፤ ከአንዱ ጀርባ ቢወርድ በሌላው ጀርባ ላይ ይጫናል እንጂ በአየር ላይ ተንሳፍፎ አይቀርም። ሐኪሙ ካልከፈለ፣ ድርጅቱም የሚከፍለው ከሌለው፣ የሚሸከመው ያው ተራ ለመያዝ በመኪና ውስጥ ያደረው ድኻ ነው። ያው ጉዳት በገንዘቡ በታከመ ሰው ላይ ቢደርስ ካሣ ይጠይቃል፤ እርሱ ግን ገንዘብ ስለሌለው ብቻ መብቱንም ከበሩ ላይ አስቀምጦ ይገባል። እንዲህ ያለው ሕግ ርካሽ የሚመስለው የወጪው ሒሳብ ተነሥቶ ለመጮኽ ዐቅም ለሌለው ሰው ስለሚላክ ነው።

ሁለተኛው መልስ ጭነቱን የሚሸከም ሌላ ትከሻ መፈለግ ነው። ይህን ለኛ ሰው ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ዕድር ያለው ሕዝብ ነንና። በአንድ ቤት የወደቀው ኀዘን ቤቱን እንዳይሰብረው ለመቶ ቤት ይከፋፈላል። የኢንሹራንስም ሥሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በአሜሪካ ይህ የሚደረግበት አንደኛው መንገድ መንግሥት ራሱ ዋስ ሲሆን ነው። የፍሎሪዳ ስቴት በ1992 ባወጣው ሕግ፣ ከስቴቱ ጋር ውል ገብቶ ድኾችን ያለ ዋጋ የሚያክም ሐኪም እንደ ስቴቱ ወኪል ይቈጠራል፤ ተበዳይ የሚጠይቀውም ሐኪሙን ሳይሆን ስቴቱን ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ በ1996 በወጣ ሕግ፣ በነጻ ክሊኒኮች ያለ ዋጋ የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች ለዚህ ጉዳይ ብቻ እንደ መንግሥት ሠራተኞች እንዲቈጠሩ ፈቀደ። ነገር ግን ገንዘብ ተመድቦለት ሥራ የጀመረው በ2004 ነው። ስምንት ዓመት! ወጣት ሹማምንት ይህን ልብ ይሏል፤ ሕግ ማውጣትና በጀት መመደብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ2016 መጨረሻ በወጣ ሌላ ሕግ ይኸው ዋስትና በፌዴራል መንግሥት ርዳታ በሚተዳደሩት የጤና ጣቢያዎች ለሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞችም ተዘረጋ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተጎዳሁ የሚል ሰው፣ በመንግሥት ላይ ካሣ ለመጠየቅ በ1946 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ማመልከቻውን በሁለት ዓመት ውስጥ አስቀድሞ ለመሥሪያ ቤቱ ያቀርባል። መሥሪያ ቤቱ ቢከለክለው፣ ወይም ስድስት ወር ያለ መልስ ቢያቈየው፣ መንግሥትን ይከሳል። ፍርዱን የሚሰጠው ዳኛ ብቻ ነው፤ ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች አይቀመጡበትም፤ አጥፊን ለመቅጣት ተብሎ የሚጨመር ካሣም የለም። ለተበዳይ የጠበበ በር ነው፤ ሆኖም በር ነው። ክሊኒኩም ይህን ዋስትና በዋዛ አያገኘውም። ስለ እያንዳንዱ ሐኪም ማመልከቻ ያቀርባል፤ ፈቃዱንና ያለፈ ሥራውን ይመረምራል፤ ከሕመምተኛ ዋጋ አይጠይቅም፤ ተጠያቂነቱም እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ ከሕክምናው በፊት ለሕመምተኛው በጽሑፍ ያስታውቃል። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን የመጨረሻውን ግዴታ ነው፤ ድኻውን እንደ ተዋዋይ ወገን ይቈጥረዋልና።

ሌላው መንገድ ከኩባንያ የሚገዛ ፖሊሲ ነው። እዚህ ላይ ደጋግ ሐኪሞች የሚሰናከሉባት ትንሽ ጉድጓድ አለች። በሥራ ላይ ያለ ሐኪም «እኔ ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ ቅዳሜ ወደ ነጻው ክሊኒክ ይሄዳል፤ ነገር ግን ፖሊሲውን የገዛለት አሠሪው ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው ለአሠሪው የሚሠራውን ሥራ ብቻ ነው። በሌላ ስቴት የተሠራውንም ላይሸፍን ይችላል። ደግሞም ፖሊሲ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ፣ ሥራው በተሠራበት ጊዜ ጸንቶ ከነበረ ክሱ መቼም ቢመጣ ይመልሳል። ሌላው፣ ክሱ በሚመጣበት ጊዜ ጸንቶ ካልተገኘ አይመልስም፤ ስለዚህ ፖሊሲውን የሚያቋርጥ ሰው ላለፈው ሥራው የሚሆን ተጨማሪ መግዛት አለበት፤ ይህንንም እነርሱ «ጅራት» ይሉታል። በጥር ጥርስ ነቅሎ በሰኔ ፖሊሲውን ያቋረጠ ሐኪም በመስከረም ቢከሰስ፣ ጅራት ከሌለው ሜዳ ላይ ይቀራል። ለነጻ ሥራ ብቻ ለሚፈልጉት ዐረቦኑን በጣም ቀንሰው የሚሸጡ ኩባንያዎችም አሉ። የፖሊሲው ትልቁ ጥቅም ካሣ መክፈሉ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ነገረ ፈጁን መቅጠሩ ነው፤ ሐኪሙ ምንም ሳያጠፋ ቢከሰስም መከራከሪያ ገንዘብ አይቸግረውም።

«ለኢንሹራንስ የሚወጣው ገንዘብ ስንት ጥርስ ባስነቀለ ነበር!» የሚሉ አሉ። ነገራቸው ከንቱ አይደለም። ለዚያ ለሜሪላንዱ ልጅ ዋስ ያለው ሐኪም እስኪገኝ ይጠብቅ የሚል ልብ እኔም የለኝም፤ ጉጠት የያዘ አንድ ደግ ሰው ብቻ ቢገኝለት ኖሮ ዛሬ ጐልማሳ በሆነ ነበር። ነገር ግን ሰዎቹ በቤታቸው የተቀመጡትን ሐኪሞች ከሒሳቡ ውስጥ አላስገቧቸውም። ዋስ ስላጡ የቀሩትን እጆች ወደ ወንበሩ የሚመልሰው ያው ወጪ ነው። በዚያም ላይ ዋስ የሚሆን ሁሉ ጠያቂ ነው፤ ፈቃድህን አሳየኝ፣ መዝገብ ያዝ፣ መሣሪያህን ቀቅል ይላል። ማንም የማይጠየቅበት ክሊኒክ ግን ማንም የማይጠይቅበት ክሊኒክ ይሆናል።

ይህ ሁሉ የሰው አገር ነገር ነው ተብሎ እንዳይታለፍ ስለ እኛም ትንሽ ልጨምር። በውጭ አገር ከሚኖሩት የሕክምና ሰዎቻችን መካከል ለዕረፍት ሲመጡ መሣሪያቸውን በሻንጣ ይዘው ለወገናቸው ያለ ዋጋ የሚሠሩ አሉ፤ የጥርስ ሐኪሞችም አሉባቸው። የሚመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን በቨርጂኒያ የተገዛው ፖሊሲ ቦሌ ላይ ከባለቤቱ ጋር አብሮ መውረዱን ማን ጠየቀ? ክሊንተን የፈረሙትም ሕግ ባሕር አይሻገርም። በእኛ በኩል በ1952 ዓ.ም. በራሳችን አቈጣጠር የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2031፣ ሙያውን የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ፣ ባለመጠንቀቅ ወይም በቸልተኛነት ቢያጠፋም ኃላፊ እንዲሆን ያዝዛል፤ ዋጋ የተቀበለውን ካልተቀበለው አይለይም። እንግዲህ እንግዳው ሐኪም ሳያውቀው ራሱን ዋስ አድርጎ ይሠራል፤ እርሱ ተመልሶ ከሄደ በኋላ ደግሞ ሕመምተኛው የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ይቀራል።

ስለዚህ በጤና ጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ የምትቀመጡ ወጣቶች ሆይ፣ እንዲህ ያለ እንግዳ ሲመጣላችሁ ቡናውን ካፈላችሁና ምስጋናችሁን ካቀረባችሁ በኋላ፣ ሳታፍሩ ጠይቁ። ፈቃዱ በአገራችን ታውቆለታልን? ጥፋት ቢደርስ ካሣውን ማን ይከፍላል፤ የጋበዘው ድርጅት ነው፣ ጤና ጣቢያው ነው፣ ወይስ ኢንሹራንስ? በሦስተኛው ቀን ጕንጩ ያበጠ ሰው የማንን ደጅ ይመታል? ለታካሚውም የትኛው ጥርስ እንደ ተነቀለ፣ ምን መድኃኒት እንደ ተሰጠው፣ ማን እንደ ሠራው፣ ወዴት እንደሚመለስ የሚናገር በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ የተጻፈ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይሰጠው። ይህች ወረቀት ብዙ በጀት አትጠይቅም።

የቨርጂኒያው ወዳጄን ነገር ሳልጨርስ እንዳልቀር። ከተነጋገርን በኋላ ወደ አንድ ነጻ ክሊኒክ ሄደው ዋሳቸው ማን እንደሚሆን ጠየቁ። ክሊኒኩ በፌዴራሉ ዋስትና ውስጥ ገብቶ ኖሮ ስማቸውንና ማስረጃቸውን ተቀብሎ ላከላቸው፤ ወራት ፈጀ፤ መጣ። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ይሠራሉ። በቅርቡ ስልክ ደውለው የነገሩኝ ስለ አንዲት አሮጊት ነበር። ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ ሳይወጡ ያችን የተጠያቂነት ማስታወቂያ ቢሰጧቸው፣ ወረቀቷን አገላብጠው አዩና «ይህ ደግሞ ምንድር ነው?» አሏቸው።

«ብበድልዎ የሚከሱበት አድራሻ ነው አልኋቸው» አሉኝ ወዳጄ። «ሣቁና ወረቀቷን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያም አፋቸውን ከፈቱልኝ።»